ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ ማን ሰማት?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላል የአገራችን ብሂል። ይህ አባባል ከሚስማማቸው ነገሮች አንዷ በየዕለቱ የምናያት አንዲት ወፍ ናት። ከመኖሪያ ቤታችን አጥር፣ ከትምህርት ቤት ቅጥር፣ ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድና ከመስጊድ ግቢ ዛፎች አትጠፋም። ጎህ ሲቀድ ቀድመው ከሚነቁት ወፎች መካከል ናት። ራሷ ወደ ጥቁርነት ያደላ፣ ጀርባዋ ግራጫ ቡናማ፣ ርዝመቷ 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በደስታም ይሁን በድንጋጤ ጊዜ የራሷን ላባ በትንሹ ታቆማለች። በሳይንሱ ዓለም ፒክኖኖተስ ባርባተስ ትባላለች፤ ቤተሰቧም የቡልቡሎች ቤተሰብ ይባላል። ለብዙዎቻችን ግን ስሟ «ወፍ» ብቻ ነው።

ስለ አገራችን አዕዋፍ ሲነሣ ንግግራችን ወዲያውኑ ወደ ብርቅዬዎቹ ያመራል። የያቤሎው ቁራ፣ የሩስፖሊ ቱራኮ፣ የሊበን ሜዳዋ ላርክ ስማቸው በፖስተርና በጉዞ መጽሔት ይወጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች ያሏት አገር እንደ መሆኗ በሌላ ስፍራ የማይገኙትን ማስቀደሟ አይነቀፍም። ነገር ግን ከዚህ ልማድ አንድ ስውር ስሕተት ተወልዷል። ይኸውም ዘወትር የምናየውን ነገር እንደምናውቀው አድርገን መቁጠራችን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለመደ ማለት የታወቀ ማለት እንዳልሆነ በቡልቡል አማካይነት ማሳየት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ይህች ተራ የምትመስል ወፍ በሳይንስ ተቋሞቻችን ዘንድ ከብርቅዬዎቹ ያላነሰ ትኩረት የሚገባት ለምን እንደ ሆነ መከራከር ነው።

የስሟ ጉዞ

«ቡልቡል» የሚለው ቃል የመጣው ከፋርስና ከዐረብ ቋንቋዎች ነው። በእነዚያ ቋንቋዎች ሥነ ግጥም ግን ቃሉ የሚያመለክተው በሌሊት ዜማዋ የታወቀችውን ሌላ ወፍ፣ ናይቲንጌልን ነው። ሁለቱ ወፎች በዝምድናም በመልክም የተራራቁ ናቸው። አውሮፓውያን የወፍ ተመራማሪዎች ስሙን ወስደው በእስያና በአፍሪካ ለሚገኙት ለእነዚህ ወፎች ሰጡ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ስለዚህ በፋርስ ግጥም ውስጥ ለጽጌረዳ ስታዜም የምትገኘው ቡልቡል በአጥራችን ላይ የምትጮኸው አይደለችም።

የእኛዋን ወፍ በሳይንሳዊ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ዴፎንቴን ሲሆን፣ መነሻው በአልጄሪያ የተገኘች ወፍ ነበረች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የምትገኘውን መልክ ለይቶ ሾአነስ የሚል ስም ሰጣት። ትርጉሙ «ሸዋዊት» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ወፍ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በላይ በዓለም የሳይንስ መዛግብት የአገራችንን ስም ተሸክማ ኖራለች። በአገሯ ግን የባዮሎጂ ተማሪው «ወፍ» ብሎ ያልፋታል።

አንድ ቤተሰብ፣ ብዙ መኖሪያ

የቡልቡሎች ቤተሰብ ከ150 በላይ ዝርያዎችን ያቀፈ ነው። ስርጭቱ ከምዕራብ አፍሪካ ደኖች ተነሥቶ በመካከለኛው ምሥራቅና በህንድ አልፎ እስከ ኢንዶኔዥያና እስከ ጃፓን ይደርሳል። በጃፓን የምትኖረው ቡናማ ጆሮ ቡልቡል በረዶ የሚጥልበትን ክረምት ተቋቁማ በቶኪዮ ከተማ መናፈሻዎች ትገኛለች። በአሜሪካ አህጉራት ግን በተፈጥሮ የሚገኝ ቡልቡል የለም።

የዲኤንኤ ጥናቶች ይህ ቤተሰብ ሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች እንዳሉት አሳይተዋል። አንደኛው የአፍሪካ ቅርንጫፍ ነው። አባላቱ በአመዛኙ አረንጓዴና ቡናማ ቀለም ያላቸው፣ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩ፣ ከሚታዩ ይልቅ የሚሰሙ ወፎች ናቸው። በካሜሩንና በኮንጎ ደኖች፣ እንዲሁም በኬንያና በታንዛኒያ ተራሮች ብዙዎቹ ይገኛሉ። ሁለተኛው የእስያ ቅርንጫፍ ሲሆን ከደን ዳር፣ ከቁጥቋጦና ከአትክልት ስፍራ ጋር የተላመዱ ብዙ ወፎችን ይይዛል።

የእኛዋ ተራ ቡልቡል የምትመደበው በአፍሪካው ቅርንጫፍ ሳይሆን በእስያው ነው። ቅድመ አያቶቿ ከእስያ ወደ አፍሪካ የተሻገሩ ናቸው። የቅርብ ዘመዷ፣ በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያላት ወፍ፣ ዛሬም በእስራኤል፣ በዮርዳኖስና በዐረብ ልሳነ ምድር ትኖራለች። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ወገኖቻችን ጠዋት በግቢያቸው ዛፍ ላይ የሚሰሙት ድምፅ ከአገር ቤቱ ጋር ቢመሳሰልባቸው ምክንያቱ ይህ ዝምድና ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ እንቆቅልሽ አለ። በኬንያ ተራሮች ደን ውስጥ በብዛት የሚገኙት አረንጓዴ ቡልቡሎች በእኛ ከፍተኛ ቦታዎች ደን ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል፤ በአገራችን የሚገኙት የዚያ ቅርንጫፍ አባላት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ እነርሱም በደቡብና በምዕራብ ዝቅተኛ ቦታዎች የተወሰኑ ናቸው። በሁለቱ ተራራማ አካባቢዎች መካከል የተዘረጋው የቱርካና ቆላ ደን ለሚወድ ወፍ የማይሻገሩት ምድረ በዳ ነው። ከእስያ የመጣችው ቡልቡል ግን ቆላውንም ደጋውንም ወርሳለች። መኖሪያ የማትመርጥ መሆኗ ተራ አደረጋት፤ ተራ መሆኗም ከተመራማሪ ዓይን አራቃት።

መልክ ያሳሳታቸው ሊቃውንት

በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ «ዐውቀነዋል» የተባለ ነገር ሐሰት ሆኖ የተገኘበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ።

የመጀመሪያው ከማዳጋስካር ነው። በዚያች ደሴት የሚኖሩ በርካታ ወፎች ለረጅም ዘመን የአፍሪካ ቡልቡል ወገን ተብለው ተመድበው ነበር። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተደረገ የዲኤንኤ ምርመራ ግን ከቡልቡል ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና እንደሌላቸውና በደሴቲቱ ላይ ለብቻቸው የተሻሻሉ የሌላ ቤተሰብ አባላት እንደሆኑ አረጋገጠ። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ መልክ ሰጥቷቸው ኖሯል።

ሁለተኛው ከላይቤሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በካቫላ ደን አንዲት በክንፎቿ ላይ ነጠብጣብ ያላት ወፍ ተያዘች፤ በዓመቱም አዲስ ዝርያ ተብላ ታወጀች። ከዚያ በኋላ ደኑን ያሰሱ ሁሉ ሊያገኟት አልቻሉም፤ ከዓለም ብርቅዬ ወፎች አንዷ ተብላም ተመዘገበች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን ወፏ በዚያው ደን በሰፊው የምትገኝ የሌላ አረንጓዴ ቡልቡል ቀለሟ የተለየ አባል ሳትሆን እንደማትቀር አመለከተ። ከ30 ዓመት በላይ የተፈለገችው ብርቅዬ፣ ሁሉም ሲያያት የኖረች ተራ ወፍ ነበረች ማለት ነው።

ሦስተኛው የተገላቢጦሽ ነው። በላኦስ በኖራ ድንጋይ ገደሎች ላይ ፊቷ ላባ የሌለው ቡልቡል ተገኝታ እ.ኤ.አ. በ2009 በሳይንስ ታወቀች። በእስያ ምድር ከመቶ ዓመት በላይ አዲስ ቡልቡል ተገኝቶ አያውቅም ነበር። ይህች ወፍ በቀን ብርሃን የምትንቀሳቀስ፣ ድምፅዋም የሚሰማ ናት፤ ሆኖም ገደሉ ላይ ወጥቶ ልብ ብሎ ያያት ተመራማሪ እስኪገኝ ድረስ ሳትታወቅ ቆይታለች።

ጥያቄው ያለው በእኛ ደጅ ነው

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ተራዋ ቡልቡል አንድ ዝርያ ናትን? ወይስ ብዙ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ የወፍ ሊቃውንትን ያከራክራል። አንዳንድ ባለሥልጣን መዝገቦች ከሞሮኮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉትን ሁሉ አንድ ዝርያ ያደርጓቸዋል፤ ሌሎች ደግሞ ለአራት ይከፍሏቸዋል። አራቱም ክፍሎች በአንድነት የሚገኙት በአፍሪካ ቀንድ ሲሆን ኢትዮጵያ የመገናኛው እምብርት ናት።

በመካከለኛውና በሰሜኑ ከፍተኛ ቦታ ያለችው ሸዋዊት ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ነጭ ነው። በደቡብ ያለችው ግን በዚያው ስፍራ ደማቅ ቢጫ ላባ አላት፤ ይህችም እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ከተዘረጋው ወገን የምትመደብ ናት። ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ በሚያመራው ምሥራቃዊ ምድር ሌላ መልክ ይገኛል። በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ደግሞ በጆሮዋ አካባቢ ነጭ ምልክት ያላት፣ ደረቷ ዝንጉርጉር፣ ከጅራቷ ሥር ቢጫ የሆነች ዶድሶኒ የምትባል አለች። ስሟን እ.ኤ.አ. በ1895 የሰጣት እንግሊዛዊው ሻርፕ ሲሆን፣ ስሙ በዶናልድሰን ስሚዝ የጉዞ ቡድን ውስጥ የወፎችን ቆዳ ያዘጋጅ ለነበረው ለዶድሰን መታሰቢያ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። ሁለት መልኮች አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በዋነኛነት በሚገናኙበት ስፍራ ነው። እዚያ እርስ በርስ ያለ ገደብ ይራባሉን? ድቅሎቹ ጤናማ ሆነው ይወልዳሉን? አንዱ የሌላውን ዜማ ይመልሳልን? ይህን ጥያቄ በለንደን ወይም በበርሊን ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ የደረቁ ቆዳዎች ብቻቸውን ሊመልሱት አይችሉም። መልሱ ያለው በደጋው ቁልቁለት፣ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ፣ በባሌና በሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ነው። መልሱን ለማግኘት ከሁሉ የቀረበው የኢትዮጵያ ተማሪ ነው።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» የሚለው ምሳሌያችን ለሰው ጠባይና ልማድ የተነገረ ቢሆንም፣ እንደ ሳይንሳዊ መላ ምትም ሊነበብ ይችላል። ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን ከወላጆቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው ሰምተው የሚማሩ በመሆናቸው በብዙ ዝርያዎች የአካባቢ ዘዬ እንደሚፈጠር በሚገባ የታወቀ ነው። የደብረ ብርሃኗ ቡልቡል ከነጌሌዋ ጋር በምን ያህል ትለያለች? አባቶቻችን ምሳሌውን ሰጥተውናል፤ መለካቱ የእኛ ድርሻ ነው።

ዘሪዋ ወፍ

«ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ነው፤ ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በወፏ ሆድ ውስጥ ይገኛል።

ቡልቡል ነፍሳትንና የአበባ ማርን ብትመገብም ዋና ምግቧ ፍሬ ነው። የወይራን፣ የአጋምን፣ የዶቅማን፣ የሾላንና የመሰሏቸውን ፍሬዎች ለቅማ ትውጣለች። ሥጋው ይፈጫል፤ ዘሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሳይጎዳ ይወጣል። በዚህ መካከል ወፏ በርራ ሌላ ዛፍ ላይ፣ ወይም በአጥር ላይ፣ ወይም በእርሻ መካከል በቀረ ግራር ላይ ታርፋለች። ዘሩም እዚያው ይወድቃል፤ ከአፈር ጋር ተገናኝቶ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል።

ይህ በአገራችን ሁኔታ እጅግ ከፍ ያለ ትርጉም አለው። ደመል ተከታይና አንደርስ ግራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ የተጠራቀመውን ዘር መርምረው ነበር። በአፈሩ ውስጥ በብዛት ያገኙት የሣርና የአነስተኛ ዕፀዋትን ዘር ነው፤ የዛፎቹ ዘር ግን ጥቂት ነበር። ዓለማየሁ ዋሴም እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራው የሰሜን ኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ ለመልሶ ማልማት ስላላቸው ዕድልና ስለተጋረጠባቸው ችግር ጽፏል። ከእነዚህ ሥራዎች የምንማረው ይህ ነው፦ ደን አንድ ጊዜ ከተመነጠረ በኋላ አፈሩ ዛፎቹን አያስታውስም። ዘሩ ከሌላ ቦታ ካልመጣ ደኑ አይመለስም። የፍሬ ዛፎችን ዘር ከቀረው ደን ወደ ባዶው መሬት ከሚያመጡት መካከል ደግሞ ከደን ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ደን ያለ ፍርሃት የምትመላለሰው ቡልቡል አንዷ ናት። ከጥልቅ ደን የማይወጡ ወፎች ይህን ሥራ ሊሠሩ አይችሉም። ተራ መሆኗ እዚህ ላይ ድክመት ሳይሆን አገልግሎት ነው።

ሆኖም ወፏን መልአክ ማድረግ ከሳይንስ መንገድ መውጣት ይሆናል። ቡልቡል የምትውጠው ከአፏ ስፋት የማይበልጠውን ፍሬ ነው፤ ትልልቅ ዘር ላላቸው ዛፎች ሌሎች አጓጓዦች ያስፈልጋሉ። ከዚህም በላይ የአገር በቀሉን ፍሬ ከመጤው አትለይም። የላንታና ቁጥቋጦ በአማርኛ የተሰጠው ስም «የወፍ ቆሎ» ነው፤ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ግጦሹንና እርሻውን የሚወረው ይህ ተክል ፍሬው ለወፎች የተመቸ በመሆኑ ቡልቡልም ትዘራዋለች። አንዲቱ ወፍ፣ በአንዱ በኩል ወይራን፣ በሌላው በኩል የወፍ ቆሎን ትተክላለች። ምርጫው የእርሷ አይደለም። በአካባቢዋ የተውንላት ፍሬ የትኛው ነው የሚለው ይወስነዋል። ወይራው ተቆርጦ የወፍ ቆሎው ከቀረ የወፍ ቆሎ ትዘራለች። የባሕር ዛፍ ብቻ በተተከለበት ተራራ ደግሞ የምትበላው ሥጋማ ፍሬ ስለሌለ የምትዘራውም አይኖራትም።

በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ወዲህ ችግኝ መትከል በአገራችን የሕዝብ ሥራ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በሰው እጅ የሚተከለው ችግኝ የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ሁለተኛው ግማሽ በወፎች የሚሠራ ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ግን ሁኔታዎች ይፈልጋል። በማሳ መካከል ያለ አሮጌ ዛፍ ሳይቆረጥ መቆየት አለበት፤ ማረፊያ ነውና። ከችግኙ መካከል ፍሬ ሰጪ አገር በቀል ዛፎች መኖር አለባቸው። በተከለለው ተራራ ላይ ቁጥቋጦው ሙልጭ ብሎ መመንጠር የለበትም፤ ወፏ የምታርፍበት፣ የወደቀው ዘር ከፀሐይና ከከብት አፍ የሚሸሸግበት እርሱ ነውና።

ተራነት ዋስትና አይደለም

«ይህች ወፍ መቼም አትጠፋም፤ ለምን እንጨነቃለን?» የሚሉ ይኖራሉ። የቤተሰቧ ታሪክ ለዚህም መልስ አለው።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ራሷ የገለባ ቀለም ያለው አንዲት ቡልቡል አለች። ከቡልቡሎች ሁሉ በአካል ትልቋ ስትሆን ርዝመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በወንዝ ዳር በጥንድ ሆነው የሚያሰሙት ዜማ እጅግ የተወደደ ነው። ቀድሞ ከምያንማር ደቡብ እስከ ጃቫ በሰፊው ትገኝ ነበር። ውድቀቷን ያመጣው ይኸው ዜማዋ ነው። ለቤት ውስጥ ጎጆ ሲባል ያለ ገደብ ተጠምዳ ተሸጠች፤ ከታይላንድና ከጃቫ ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርያዎች መደብ አስገባት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፍ ንግዷ በጥብቅ እንዲታገድ በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት ተወሰነ። ዛሬ ከተጠለለችባቸው ዋና ስፍራዎች አንዱ በሕንፃ የተጨናነቀችው ሲንጋፖር ናት፤ በዚያ የዳነችው ሕግ ስለተከበረና ወፎቹ በየጊዜው ስለተቆጠሩ ነው።

ሌላዋ እኅቷ ዕጣዋ ተቃራኒ ነው። ከጅራቷ ሥር ቀይ ላባ ያላት የህንድ ቡልቡል በአገሯ እንደ እኛዋ ተራና ተወዳጅ ናት። ሰዎች ይዘዋት ወደ ፊጂ፣ ወደ ሃዋይ፣ ወደ ታሂቲ ደሴቶች ወሰዷት፤ እንደ ዱባይና ኩዌት ባሉ የባሕረ ሰላጤው ከተሞችም አምልጣ ተራብታለች። በደሴቶቹ ላይ የአትክልትና የአበባ እርሻ ታበላሻለች፤ በታሂቲ ደኑን የወረረውን የሚኮኒያ ተክል ዘር ትበትናለች። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የዓለም መቶ አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ከገቡት ሦስት ወፎች አንዷ ለመሆን በቅታለች። ወፏ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ቦታዋ ነው።

ከሁለቱ የምንረዳው፣ ተራ የሆነ ዝርያ ወደ መጥፋትም ወደ ወረራም ሊሄድ እንደሚችል፣ ለውጡ ሲጀምር የሚያየውም አስቀድሞ የቆጠረ ብቻ እንደ ሆነ ነው። ዛሬ በአንድ ከተማ ስንት ቡልቡል እንዳለ ያልመዘገበ ትውልድ፣ ከ30 ዓመት በኋላ ቁጥሩ በግማሽ ቢቀንስ በምን ያውቃል? «ድሮ ብዙ ነበሩ» የሚል ትዝታ ለሳይንስ ማስረጃ አይሆንም።

ምን ይደረግ?

ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ የለም የሚለው መከራከሪያ በብዙ መስክ እውነት ነው። የዘር ቅንጣት ምርመራ ውድ ነው፤ የመስክ ተሽከርካሪም እንዲሁ። ለቡልቡል ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። ለምርምር ከርቀት የማትፈልግ፣ ፈቃድ ተጠይቆ ወደ ፓርክ የማይገባላት፣ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት የምትታይ ወፍ ናት። ስለዚህ የሚከተሉትን አሳቦች ለሳይንስ ፋኩልቲዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቆጠራ። ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከመቀሌ እስከ አርባ ምንጭ፣ ከሰመራ እስከ ጅግጅጋ፣ ከአሶሳ እስከ ባሌ ሮቤ ተበትነዋል። አራቱ የቡልቡል መልኮች የሚገኙበትን ምድር በሙሉ የሚሸፍን መረብ ሳናስበው ተዘርግቷል። በየዓመቱ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ላይ እየሄዱ ወፎቹን መቁጠርና ከጅራታቸው ሥር ያለው ላባ ነጭ ይሁን ቢጫ መመዝገብ የሚጠይቀው እርሳስና ደብተር፣ ቢገኝም አንድ አቅርቦ ማያ መነጽር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የመገናኛው ድንበር የት እንደሚያልፍ በካርታ ላይ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ድምፅ። ቀድሞ ከባድ መቅረጫ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ዛሬ በተማሪው ኪስ ያለው ስልክ ሊሠራው ይችላል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጽፎበት የተቀመጠ አንድ ደቂቃ የጠዋት ዜማ ለወደፊቱ ተመራማሪ የማይተካ ሰነድ ነው።

ሦስተኛ፣ ዘር። በማሳ መካከል ባለ ዛፍ ሥር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፎ በሳምንት ስንት ዘር፣ የየትኛው ዛፍ ዘር እንደወደቀ መቁጠር ለአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። ውጤቱም ተራራ ለሚከልሉና ችግኝ ለሚያፈሉ መሥሪያ ቤቶች ቀጥተኛ ጥቅም አለው።

አራተኛ፣ ስም። ቡልቡልን የሚያውቋት እረኞችና ገበሬዎች በየአካባቢያቸውና በየቋንቋቸው የሚጠሩባትን ስም ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስቦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስም የሌለው ነገር አይጠናም፤ ያልተጠናም አይጠበቅም። የሳይንስ ቃላትን በአገር ቋንቋዎች የማዳበሩ ሥራ ከአቶምና ከኤሌክትሮን ብቻ ሳይሆን ከአጥራችን ላይ ካለችው ወፍም መጀመር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለረጅም ዓመታት ያካበተው ልምድ ለዚህ ሁሉ ጥሩ መነሻ ነው።

«ብርቅዬዎቹ እየጠፉ ሳለ ስለ ተራዋ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚለውን ተቃውሞ እናከብራለን። ብርቅዬዎቹ ግን የሚጠበቁት በሠለጠነ ዓይን ነው፤ ዓይን የሚሠለጥነው ደግሞ በየቀኑ በሚያየው ነገር ነው። ነጩን ላባ ከቢጫው፣ የደጋውን ዜማ ከቆላው መለየትን በግቢው ውስጥ ያልተማረ ተማሪ፣ በአንድ አጋጣሚ ብቻ ወደ ሊበን ሜዳ ተጉዞ የላርኳን እግር ኮቴ ሊከተል አይችልም። የላይቤሪያው ታሪክም እንዳስተማረን፣ ብርቅዬውን ከተራው ለይቶ ማወቅ የሚችለው ተራውን በሚገባ ያወቀ ብቻ ነው።

በውጭ አገር መዝገብ ሸዋዊት የተባለችው ወፍ ነገ ጠዋትም በየግቢያችን መጮኋ አይቀርም። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው፣ ድምፅዋን ሰምቶ ቀኑንና ቦታውን በደብተሩ የሚያሰፍር አንድ ተማሪ፣ ለዚያም ተማሪ ውጤት የሚሰጥ አንድ መምህር ነው።